የልብና የግፊት መድኃኒት እግር ሲያሳብጥ፦ የትኛው መፍትሔ ለማን ይስማማል?

ማታ ካልሲ ሲወልቅ ቁርጭምጭሚት ላይ ቀለበት የመሰለ ምልክት ይቀራል። ጠዋት ልክ የነበረው ጫማ ወደ ማታ ይጠባል። ቆዳውን በጣት ሲጫኑት ይሰረጉዳል፤ ጉድጓዱም ቶሎ አይሞላም። አምሎዲፒን ወይም ኒፌዲፒን ከሚወስዱ ሰዎች ብዙዎቹ ይህን በደንብ ያውቁታል።

እናቴም ደርሶባታል። ግፊቷ በአምሎዲፒን ተስተካከለ ብለን ደስ ባለን በሁለተኛው ወር እግሯ አበጠ። አንዱ "ኩላሊቷ ነው" አለ። ሌላው "ልቧ ደክሞ ነው" አለ። እሷ ደግሞ ማንንም ሳታማክር ኪኒኑን አቆመች። እግሯ ሟሸሸ፤ ግፊቷ ግን ተመልሶ ወጣ። ቀጥሎ የሄድንበት ሐኪም ቤት የሚያሸና መድኃኒት ጨመረላት። ቀኑን ሙሉ ሽንት ቤት ስትመላለስ ከረመች እንጂ እብጠቱ እምብዛም አልጎደለም። በመጨረሻ የረዳት ሌላ ነገር ነበር። እሱን ከታች እናየዋለን።

ያኔ አማራጮቹን ጎን ለጎን አስቀምጦ ያሳየን ሰው ቢኖር ብዙ ወራት እናተርፍ ነበር። ስለዚህ እዚህ ጎን ለጎን አስቀምጫቸዋለሁ። አንድ ነገር ግን ከወዲሁ ልበል። መድኃኒት ማቆም፣ መቀነስ ወይም መቀየር የሐኪምዎ ውሳኔ ነው። ይህ ጽሑፍ ሐኪሙ ፊት ሲቀመጡ ምን እንደሚጠይቁ እንዲያውቁ ነው።

ከምርጫው በፊት፦ እብጠቱ የየትኛው ነው?

ሁሉም እብጠት ቁጭ ተብሎ የሚመረጥለት አይደለም።

ከንፈር፣ ምላስ፣ ፊት ወይም ጉሮሮ ካበጠ ማንበብዎን ትተው አሁኑኑ ወደ ድንገተኛ ሕክምና ይሂዱ። ይህ አንጂዮኢዴማ ይባላል። ስማቸው "ፕሪል" ብሎ የሚያልቅ መድኃኒቶች፣ ማለትም ኢናላፕሪል፣ ሊሲኖፕሪል፣ ካፕቶፕሪልና ወንድሞቻቸው አልፎ አልፎ ያመጡታል። ብዙ ጊዜ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ይታያል፤ ለዓመታት በሰላም ሲወስዱት ኖረውም ሊመጣ ይችላል። በጥቁሮች ላይ ከሌሎች ይልቅ በብዛት ይከሰታል። የመተንፈሻ መንገድን ሊዘጋ ስለሚችል "እስኪ ይደር" የሚባል ነገር አይደለም። አንዴ የደረሰበት ሰው "ፕሪል" የሚባሉትን በሙሉ ዳግመኛ መውሰድ የለበትም።

አንድ እግር ብቻ አብጦ የሚያም፣ የሚሞቅ ወይም የቀላ ከሆነ የደም መርጋት ሊሆን ይችላል። ይህም የዚያኑ ቀን መታየት አለበት።

ትንፋሽ ማጠር ካለ፣ ጋደም ሲሉ ከታፈኑ፣ ወይም ክብደትዎ በ3 ቀን ውስጥ ከ2 ኪሎ በላይ ከጨመረ ጉዳዩ ከልብ ድካም ጋር ሊያያዝ ይችላል። ሽንት አረፋ ከበዛበትና ጠዋት ዓይን አካባቢ ካበጠ ኩላሊት ይመረመር። ነፍሰ ጡር ከሆኑ ደግሞ ማንኛውም አዲስ እብጠት ወዲያው ይነገር።

ሌላም የሚዘነጋ ነገር አለ። እግር የሚያሳብጠው የልብ መድኃኒት ብቻ አይደለም። ለወገብና ለመገጣጠሚያ ሕመም የሚዋጡት ኢቡፕሮፌንና ዲክሎፌናክ ጨውና ውሃ ያስቀራሉ፤ ግፊትንም ከፍ ያደርጋሉ። ፕሬድኒሶሎን፣ ፕሪጋባሊን፣ ጋባፔንቲንና የስኳር መድኃኒቱ ፒዮግሊታዞንም እንዲሁ ያሳብጣሉ። ሰው ለሐኪሙ የግፊት ኪኒኑን ይነግራል፤ ከፋርማሲ በራሱ የገዛውን ማስታገሻ ግን አይቆጥረውም። ይቁጠሩት።

ይህ ሁሉ ተጣርቶ፣ ሁለቱም እግሮች እኩል አብጠው፣ ጠዋት ቀለል ማታ ከበድ የሚል ከሆነ፣ የጀመረውም መድኃኒቱ ከተጀመረ ወይም መጠኑ ከጨመረ በኋላ ከሆነ፣ ወደ ምርጫው መግባት ይቻላል።

ለምን ያብጣል?

ይህን ክፍል አይዝለሉት። ትክክለኛው ምርጫ ሁሉ የሚወጣው ከዚህ ነው።

ብዙ ሰው እግሩ ሲያብጥ "ሰውነቴ ውሃ ይዟል" ይላል። ከአምሎዲፒን ጋር ግን ነገሩ እንደዚያ አይደለም። አምሎዲፒን፣ ኒፌዲፒንና ፌሎዲፒን የአንድ ቤተሰብ ልጆች ናቸው። ካልሲየም ቻናል ብሎከር ይባላሉ። ሥራቸው ደም ወደ አካል የሚወስዱትን ትንንሽ ቧንቧዎች፣ ማለትም ደም ቅዳዎቹን ማስፋት ነው። ግፊት የሚወርደውም በዚሁ ነው። ደሙን ወደ ልብ የሚመልሱትን ደም መልሶች ግን በዚያው ልክ አያሰፉም።

የፊት በሩ ወለል ብሎ የተከፈተ፣ የጓሮ በሩ ግን እንደ ድሮው ጠባብ የሆነ አዳራሽ ይሳሉ። የሚገባው ሰው በዛ፤ የሚወጣው ግን ያው ነው። መሃል ላይ ይጨናነቃል። በእግርም እንዲህ ነው የሚሆነው። በደም ቅዳና በደም መልስ መካከል ባሉት እጅግ ቀጫጭን የደም ስሮች ውስጥ ግፊቱ ይጨምርና ፈሳሹ በግድግዳቸው ሰርጎ ወደ ሥጋው ይወጣል። ቆመን ስለምንውል ወደ ታች ወርዶ ቁርጭምጭሚት ላይ ይጠራቀማል።

እንግዲህ ችግሩ የውሃ መብዛት ሳይሆን የውሃ ቦታ መልቀቅ ነው። በሽንት ውሃ ማስወጣት ፈሳሹ የሾለከበትን ምክንያት አይነካውም። የጓሮውን በር የሚያሰፋ ነገር ግን ይነካዋል።

የመድኃኒቱ መጠንም ትልቅ ለውጥ ያመጣል። በአምሎዲፒን መግለጫ ላይ በሰፈሩት ጥናቶች፣ በቀን 2.5 ሚሊግራም ከወሰዱት እብጠት የታየባቸው 1.8 ከመቶ ነበሩ። በ5 ሚሊግራም 3 ከመቶ ሆኑ። በ10 ሚሊግራም ግን 10.8 ከመቶ ደረሱ። መድኃኒት የሌለበት ኪኒን ከወሰዱት 0.6 ከመቶ ብቻ ነበሩ። ከ5 ወደ 10 ሲኬድ መጠኑ በእጥፍ ይጨምራል፤ እብጠቱ ግን ከሦስት እጥፍ በላይ። ሴቶች ደግሞ ከወንዶች ይልቅ በብዛት ያብጣሉ፦ 14.6 ከመቶ በ5.6 ከመቶ። እናቴ "እኔን ብቻ ለይቶ ነው እንዴ?" ትል ነበር። ለይቶ አልነበረም።

ከዚህ የሚለይ አንድ መድኃኒት ልጥቀስ። ለአስቸጋሪ ግፊት በኪኒን የሚሰጠው ሚኖክሲዲል ሰውነት ጨውና ውሃ እንዲይዝ ያደርጋል። እዚያ ላይ የሚያሸና መድኃኒት ትክክለኛው መልስ ነው፤ ብዙ ጊዜም ከመጀመሪያው አብሮ ይታዘዛል። ከዚህ በታች ያለው ንጽጽር ግን ስለነ አምሎዲፒን ነው።

በምን እንመዝናቸው?

አምስት ጥያቄዎች ይበቃሉ ባይ ነኝ። አማራጩ የእብጠቱን መነሻ ይነካል ወይስ ምልክቱን ብቻ? ግፊቱ (ወይም የደረት ሕመሙ) ቁጥጥር ስር ይቆያል? ምን አዲስ ችግር ሊያመጣ ይችላል? ምን ያህል ወጪና ልፋት ይጠይቃል? መሥራት አለመሥራቱን ለማወቅስ ስንት ጊዜ ይፈጃል?

ሁለተኛው ጥያቄ ለእኔ ከሁሉ ይበልጣል። ያበጠ እግር ያስጨንቃል፣ መልክ ያበላሻል፣ ጫማ ያስቀይራል። ያልታከመ ግፊት ግን አንጎል ውስጥ ደም ያፈሳል፣ ልብና ኩላሊት ያደክማል። እግሩ ሟሽሾ ግፊቱ ከወጣ የተገኘ ነገር የለም።

አማራጭ 1፦ መድኃኒቱን ሳይነኩ እግር ከፍ ማድረግ

ወጪ የለውም፤ ጉዳት የለውም። ጋደም ብሎ እግርን በትራስ ከልብ ከፍታ በላይ ማድረግ፣ በቀን 3 ወይም 4 ጊዜ፣ በያንዳንዱ ከ20 እስከ 30 ደቂቃ። ወንበር ላይ ተቀምጦ እግርን በርጩማ ላይ መዘርጋት ትንሽ ይረዳል እንጂ ያን ያህል አይቆጠርም፤ እግሩ አሁንም ከልብ በታች ነው። ለረጅም ሰዓት ቆሞ ወይም ተቀምጦ አለመዋል፣ ቁርጭምጭሚትን ማዞር፣ መራመድ ይጨመርበት። የባት ጡንቻ በተንቀሳቀሰ ቁጥር ደሙን ወደ ላይ ይገፋዋል።

ጨው መቀነስም እዚሁ ይገባል። የዓለም ጤና ድርጅት በቀን ከ5 ግራም በታች ጨው ይመክራል፤ ከአንድ የሻይ ማንኪያ ያነሰ ማለት ነው። ጨው የዚህ እብጠት ዋና መነሻ ባይሆንም ግፊቱን ስለሚያወርድ ነገ የመድኃኒቱን መጠን ለመቀነስ መንገድ ይከፍታል።

እብጠቱ ቀላል ለሆነና ማታ ማታ ብቻ ለሚታይበት ሰው ይህ ሊበቃ ይችላል። መነሻውን ግን አይነካም። እግር ማንሳቱን የተዉ ዕለት ይመለሳል።

አማራጭ 2፦ የሚያጠብቅ የሕክምና ካልሲ

ይህ ካልሲ ቁርጭምጭሚት ላይ ጠበቅ፣ ወደ ላይ ሲሄድ ላላ እንዲል ሆኖ ይሠራል። ፈሳሹ ከደም ስሩ እንዳይወጣ ከውጭ ይደግፋል። ጥንካሬው በሚሊ ሜትር ሜርኩሪ ይለካል። ከ15 እስከ 20 ያለው ቀላል ነው፤ ከ20 እስከ 30 ያለው ጠንከር ያለ ነው። ጠንከር ያለውን ሐኪም ሳያይ ባይገዙ ይመረጣል።

ካልሲው የሚጠለቀው ጠዋት ከአልጋ ሳይወርዱ፣ እግሩ ገና ሳያብጥ ነው። ካበጠ በኋላ ማጥለቅ ትግል ነው፤ ጥቅሙም ይቀንሳል። ማታ ይወልቃል። ልክ የሚወሰደው በጫማ ቁጥር ሳይሆን የቁርጭምጭሚትና የባት ዙሪያ በሜትር ተለክቶ ነው።

አንድ ከባድ ማስጠንቀቂያ አለው። ወደ እግር የሚሄደው ደም ቅዳ የጠበበበት ሰው ካልሲው የቀረውን ደም ሊያቋርጥበት ይችላል። ሲራመዱ ባታቸውን የሚይዛቸውና ቆም ሲሉ የሚተዋቸው፣ ለረጅም ዘመን ስኳር ያለባቸው፣ የእግር ጣታቸው የሚደነዝዝ፣ ቁስል ያለባቸው ሰዎች በቅድሚያ የእግራቸው የደም ዝውውር ይታይ። የእጅ መገጣጠሚያ ሕመም ላለበት አዛውንት ደግሞ ካልሲውን ማጥለቁ ራሱ ሌላ ሰው ይፈልጋል። ይህን አስቀድሞ ማሰብ ይሻላል፤ ካልሲ ተገዝቶ መሳቢያ ውስጥ የሚቀረው ብዙ ጊዜ በዚህ ነው።

አማራጭ 3፦ የሚወሰድበትን ሰዓት መቀየር

ጠዋት የሚወሰደውን ወደ ማታ ማዞር። ቀላል ነው፤ ወጪ የለውም። የልብ ሕመምና ስትሮክ ላይ የሚያመጣው ጉዳት እንደሌለም ይታወቃል። እ.ኤ.አ. በ2022 ውጤቱ የታተመው፣ በብሪታንያ ከ21,000 በላይ ሰዎች የተሳተፉበት ጥናት ጠዋት በወሰዱትና ማታ በወሰዱት መካከል በዚህ ረገድ ልዩነት አላገኘም። ግን ብዙ አይጠብቁ። አምሎዲፒን ግማሹ ከደም ለመውጣት ከ30 እስከ 50 ሰዓት ይፈጅበታል። ጠዋትም ተወሰደ ማታ፣ ቀኑን ሙሉ ደም ውስጥ አለ።

አማራጭ 4፦ መጠኑን መቀነስ

ቁጥሮቹን ከላይ አይተናል። 10 ሚሊግራም ለሚወስድ ሰው ወደ 5 መውረድ ብዙ ጊዜ ጥሩ ለውጥ ያመጣል። ደስ የሚለው ደግሞ፣ እብጠቱ የሚቀንሰውን ያህል የግፊት ማውረድ አቅሙ አይቀንስም። ግማሽ መጠን ከግማሽ በላይ ሥራ ይሠራል።

ቢሆንም ትንሽ ግፊት መልሶ ሊወጣ ይችላል። መጠን ሲቀነስ ቤት ውስጥ ግፊት እየለኩ መጻፍ ያስፈልጋል። ውጤቱም በማግስቱ አይታይም። መድኃኒቱ ከሰውነት ቀስ ብሎ ስለሚወጣ ሁለት ሳምንት ያህል ይስጡት። በ3ኛው ቀን "አልሠራም" ብለው ተስፋ አይቁረጡ።

አማራጭ 5፦ የጓሮውን በር የሚያሰፋ መድኃኒት መጨመር

እናቴን የረዳት ይህ ነው። እኔም ከሁሉ በላይ ቦታ የሰጠሁት ለዚህ ነው።

ሁለት ቤተሰቦች አሉ። አንደኛው "ፕሪል" ብለው የሚያልቁት፣ ሁለተኛው "ሳርታን" ብለው የሚያልቁት ናቸው፤ ሎሳርታን፣ ቫልሳርታን፣ ቴልሚሳርታን። ሁለቱም ግፊት ያወርዳሉ። ሁለቱም ደም ቅዳውን ብቻ ሳይሆን ደም መልሱንም ያላላሉ። መውጫው ሰፋ ማለት ነው። በቀጫጭኖቹ ስሮች ውስጥ የተጠራቀመው ግፊት ይተነፍሳል፤ ፈሳሹም መስረጉን ይቀንሳል። የብዙ ጥናቶችን ውጤት አንድ ላይ ያዩ ተመራማሪዎች፣ ካልሲየም ቻናል ብሎከርን ከእነዚህ ከአንዱ ጋር ያጣመሩ ሰዎች ብቻውን ከሚወስዱት ይልቅ የእብጠት ዕድላቸው ከሲሶ በላይ እንደሚቀንስ አግኝተዋል። በዚህ በኩል "ፕሪሎቹ" ከ"ሳርታኖቹ" በለጥ ይላሉ።

ውበቱ ሁለቱን ጥያቄዎች ባንዴ መመለሱ ነው። መነሻውን ይነካል፤ ግፊቱንም ጨምሮ ያወርዳል። እንዲያውም ብዙ ጊዜ አምሎዲፒኑን ወደ 5 ለማውረድ ያስችላል። ስለዚህ አማራጭ 4 እና 5 አብረው የሚሄዱ ናቸው። ሁለቱን በአንድ ኪኒን ያዋሃዱ ምርቶችም አሉ፤ የኪኒን ቁጥር ለሚያስጨንቀው ሰው ይጠቅማሉ።

አሁን ወደ ጉድለቱ። "ፕሪሎቹ" በአንዳንድ ሰው ላይ የማይለቅ ደረቅ ሳል ያመጣሉ። አንጂዮኢዴማውም አለ። በነዚህ በሁለቱ ምክንያት "ሳርታን" የሚመርጡ ሐኪሞች ብዙ ናቸው፤ እኔም ለእናቴ ይህን ነው የመረጥኩላት። እብጠት ላይ ትንሽ ያነሰ ቢሠራም ሳሉ የለበትም፤ አንጂዮኢዴማም እጅግ ያንስበታል። ሁለቱ ቤተሰቦች ግን አብረው አይወሰዱም። በእርግዝና ጊዜ ሁለቱም ክልክል ናቸው፤ ለማርገዝ የምታስብ ሴት ይህን ቀድማ ለሐኪሟ ትንገር። ኩላሊትና በደም ውስጥ ያለው ፖታሲየም ከመጀመሩ በፊት፣ ከዚያም ከ1 እስከ 2 ሳምንት ባለው ጊዜ ይመርመር። ኢቡፕሮፌንና ዲክሎፌናክን ከእነዚህ ጋር አዘውትሮ መዋጥ ኩላሊትን ይጎዳል፤ የሚያሸና መድኃኒት ከተጨመረበት ደግሞ ይብሳል።

አማራጭ 6፦ በዚያው ቤተሰብ ውስጥ መቀየር

ሌርካኒዲፒንና ላሲዲፒን የአምሎዲፒን ዘመዶች ናቸው። ግፊት በተመሳሳይ መንገድ ያወርዳሉ፤ እግር ግን ያነሰ ያሳብጣሉ። በጥናቶች ላይ የእብጠቱ ዕድል በግማሽ ያህል ሲያንስ ታይቷል። በአምሎዲፒን ግፊቱ ጥሩ ለወረደለት፣ ነገር ግን "ፕሪል"ም "ሳርታን"ም መውሰድ ለማይችል ሰው ጥሩ መውጫ ነው።

ችግሩ በየፋርማሲው አለመገኘታቸው ነው። ሌርካኒዲፒን ከምግብ በፊት፣ ቢያንስ 15 ደቂቃ ቀድሞ መወሰድ አለበት። በየወሩ መገኘቱን ሳያረጋግጡ አይቀይሩ። በመሃል የተቋረጠ የግፊት መድኃኒት ካበጠ እግር የባሰ ነው።

አማራጭ 7፦ ቤተሰቡን ጨርሶ መተው

አምሎዲፒኑን በሌላ ዓይነት መድኃኒት መተካት እብጠቱን ከሥሩ ይነቅላል። ምትኩ ምን ይሁን የሚለው ግን አምሎዲፒኑ ለምን እንደታዘዘ ይወስነዋል። ለግፊት ብቻ ከሆነ ምርጫው ሰፊ ነው። ለደረት ሕመም (አንጃይና) ከሆነ ግን ሐኪሙ ሕመሙንም የሚይዝ ሌላ ነገር ማግኘት አለበት።

ዲልቲያዜምና ቬራፓሚል ካልሲየም ቻናል ብሎከር ቢሆኑም እግር የሚያሳብጡት ያነሰ ነው። ሆኖም የልብ ምት ያዘገያሉ። የመምታት አቅሙ ለደከመ ልብ አይሰጡም። እንደ አቴኖሎልና ሜቶፕሮሎል ካሉ ቤታ ብሎከሮች ጋር ሲገናኙ የልብ ምትን አደገኛ በሆነ ደረጃ ሊያወርዱ ይችላሉ። ቬራፓሚል ደግሞ ሆድ ያደርቃል።

አማራጭ 8፦ የሚያሸና መድኃኒት መጨመር

ብዙ ጊዜ መጀመሪያ የሚሞከረው ይህ ነው። ከመመዘኛዎቹ ጋር ሲተያይ ግን መጨረሻ ላይ ይወድቃል። ፉሮሰማይድ (ብዙው ሰው ላዚክስ ብሎ ያውቀዋል) ከደም ውስጥ ጨውና ውሃ ያስወጣል። ወደ ሥጋው የሰረገው ውሃ መነሻ ግን የበር ጉዳይ ነበር። ስለዚህ ሰውየው ይሸናል፣ አፉ ይደርቃል፣ ሲነሳ ያዞረዋል፣ እግሩ ግን እምብዛም አይሟሽሽም።

ጣጣው እዚህ አያበቃም። ፉሮሰማይድ ፖታሲየም ያወርዳል፤ ለዚያ የፖታሲየም ኪኒን ይታዘዛል። ዩሪክ አሲድ ከፍ ያደርጋል፤ ሪህ ይነሳና ለሪሁ ማስታገሻ ይታዘዛል። ማስታገሻው መልሶ ግፊት ይጨምራል። አንድ ኪኒን ያመጣውን ችግር በሌላ ኪኒን መከተል እንዲህ ነው የሚጀምረው። በአዛውንቶች ላይ በተለይ፣ ሌሊት ወደ ሽንት ቤት ሲሮጡ መውደቅና መሰበር አለ። ይህን ስጽፍ እናቴ በጨለማ ግድግዳ ይዛ ስትሄድ ትታየኛለች።

ግን ልዩነቱ ይያዝልኝ። የልብ ድካም ወይም የኩላሊት ሕመም ያለበት ሰው ሰውነቱ በእርግጥ ውሃ ይይዛል። ለእሱ ፉሮሰማይድ የሕይወት መድኃኒት ነው። ይህን አንብቦ ማቆም የለበትም። ሌሎቹ የሚያሸኑ መድኃኒቶች፣ ሃይድሮክሎሮታያዛይድና ኢንዳፓማይድም ለግፊት ሕክምና ጥሩ መድኃኒቶች ናቸው። አምሎዲፒኑን ተክተው ሲሰጡ ያ አማራጭ 7 ነው፤ መነሻው ስለተወገደ ይሠራል። የማይሠራው አምሎዲፒኑ ባለበት እብጠቱን ያሟሽሹልኛል ብሎ መጨመር ነው።

በአንድ ላይ ሲታዩ

| አማራጭ | መነሻውን ይነካል? | ግፊቱ | መጠንቀቅ ያለብን | ወጪና ልፋት | ለመፍረድ |
|---|---|---|---|---|---|
| እግር ከፍ ማድረግ፣ ጨው መቀነስ | አይነካም | አይወጣም | የለውም | ወጪ የለውም፣ ልማድ ይጠይቃል | በቀናት ውስጥ |
| የሚያጠብቅ ካልሲ | በከፊል፣ ከውጭ | አይለወጥም | የጠበበ የእግር ደም ቅዳ | የካልሲ ዋጋ፣ የየቀን ልፋት | 1 ሳምንት |
| ሰዓት መቀየር | እምብዛም | አይለወጥም | መርሳት | ምንም | 2 ሳምንት |
| መጠን መቀነስ | አዎ | ትንሽ ሊወጣ ይችላል | ግፊት መለካት ያሻል | ምንም | 2 ሳምንት |
| "ሳርታን" ወይም "ፕሪል" መጨመር | አዎ | ይበልጥ ይወርዳል | እርግዝና፣ ፖታሲየም፣ ኩላሊት፤ ለ"ፕሪል" ሳልና አንጂዮኢዴማ | ሁለተኛ መድኃኒት፣ የደም ምርመራ | ከ2 እስከ 6 ሳምንት |
| ሌርካኒዲፒን ወይም ላሲዲፒን | በከፊል | ተመሳሳይ | አለመገኘት | ከፍ ሊል ይችላል | ከ2 እስከ 4 ሳምንት |
| ሌላ ዓይነት መድኃኒት | ሙሉ በሙሉ | እንደ ምትኩ | የአዲሱ መድኃኒት የራሱ ጣጣ | ክትትል ይበዛዋል | ከ2 እስከ 4 ሳምንት |
| የሚያሸና መጨመር | አይነካም | ሊወርድ ይችላል | ፖታሲየም፣ ሪህ፣ ማዞር፣ መውደቅ | ርካሽ፣ ግን ብዙ ምርመራ | በሳምንት ይለያል |

ለማን የትኛው?

እብጠቱ ቀላል ከሆነ፣ ግፊቱም ጥሩ ከያዘ፣ በአማራጭ 1 ይጀምሩ። ቆመው ለሚውሉ፣ ለምሳሌ ለመምህር፣ ለአስተናጋጅ፣ ለፀጉር ሠሪ፣ የደም ዝውውራቸው ጤነኛ ከሆነ ካልሲ ይታከልበት። አንዳንዱ ሰው እብጠቱ ከመድኃኒቱ እንደሆነና ልቡም ኩላሊቱም ደህና እንደሆነ ሲነገረው ጭንቀቱ ይለቀዋል፤ ያለ ምንም ለውጥ ይቀጥላል። ይህም ተገቢ ምርጫ ነው።

በ10 ሚሊግራም ላይ ላለና ለሚያብጥ ሰው 5 ሚሊግራም ከ"ሳርታን" ጋር ሐኪሙን የምጠይቀው የመጀመሪያ ጥያቄ ነው። ስኳር ላለበት ወይም በሽንቱ ፕሮቲን ለሚታይ ሰው ይህ ጥምረት ኩላሊቱንም ስለሚጠብቅለት ይበልጥ ይመከራል።

ገንዘብ ለሚያጥረው፣ ወጪ የሌላቸውን ሦስቱን፣ ማለትም እግር ማንሳት፣ ጨው መቀነስና የመጠን ቅነሳን አስቀድሞ መሞከር ይቻላል። ሁለተኛ መድኃኒት ካስፈለገ ኢናላፕሪልና ሎሳርታን ለብዙ ዓመታት በገበያ ላይ የቆዩ፣ በብዙ አምራቾች የሚመረቱ ናቸው።

ልጅ ለመውለድ ለምታስብ ሴት አማራጭ 5 አይሆንም። ከማርገዟ በፊት ከሐኪሟ ጋር ሌላ መንገድ ትፈልግ።

ብዙ ኪኒን ለሚወስዱ አዛውንት፣ አዲስ ኪኒን ከመጨመር በፊት ምን ይቀነስ የሚለው ይጠየቅ። የሚወስዱት ሁሉ፣ ቅባትና መርፌ ሳይቀር፣ በአንድ ከረጢት ተይዞ ወደ ሐኪሙ ይሂድ። ፉሮሰማይድ ለአምሎዲፒን እብጠት ብቻ ተብሎ ተጨምሮ ከሆነ ሊቀር እንደሚችል ይጠይቁ። ራስዎ ግን አያቁሙት።

ልቡ ለደከመ ሰው ከዚህ ሁሉ አንዱንም በራሱ መምረጥ አይገባውም። የእሱ እግር የሚያብጠው ከመድኃኒቱም ከልቡም ሊሆን ስለሚችል መለየቱ ምርመራ ይጠይቃል። በየጠዋቱ ከሽንት በኋላ፣ ከቁርስ በፊት ይመዘን። ቁጥሩንም ይጻፍ።

ወደ ሐኪሙ ሲሄዱ

የሜትር ገመድ ይዘው ለአንድ ሳምንት የሁለቱንም ቁርጭምጭሚት ዙሪያ ጠዋትና ማታ ይለኩ። ሁልጊዜ በአንድ ቦታ ላይ፤ ከአጥንቱ ጉብታ ትንሽ ከፍ ብሎ። ጎኑ ላይ የግፊትዎን ልኬት ይጻፉ። መድኃኒቱ መቼ ተጀመረ፣ መጠኑ መቼ ጨመረ፣ እብጠቱ መቼ ታየ የሚሉትን ሦስት ቀኖች ከላይ ያስፍሩ። ማታ ላይ እግርዎን በስልክ ፎቶ ያንሱ። የቀጠሮ ሰዓት አብዛኛውን ጊዜ ጠዋት ነው፤ ጠዋት ደግሞ እግሩ ሟሽሾ ሐኪሙ ፊት ምንም የሌለ ይመስላል። እናቴ ሁለት ጊዜ "እዚህ ምንም እብጠት አላይም" ተብላ ተመልሳለች። በሦስተኛው ፎቶውን አሳየን።

ለውጥ ከተደረገ በኋላም ያንኑ ሜትር ይዘው በ2ኛው ሳምንት፣ በዚያው ሰዓት፣ በዚያው ቦታ እንደገና ይለኩ።